«አልታየም» ማለት «ድነሻል» ማለት አይደለም

ጎንደር ውስጥ አንዲት እናት የኤች አይ ቪ ቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤቷን ይዛ፣ «አልታየም ብለውኛል፤ ታዲያ መድኃኒቱን ላቁመው?» አለችኝ። ደነገጥሁ። «አልታየም» ማለት በደም ውስጥ ያለው ኤች አይ ቪ እጅግ ከማነሱ የተነሣ መሣሪያው ሊቆጥረው አልቻለም ማለት ነው። ቫይረሱ ግን በሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ክኒኑ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ጡት ማጥባት ግን ለብቻው ሐኪም የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

ክኒን የሚቋረጠው በመርሳት ብቻ አይደለም። ይህች እናት አዘዞ ውስጥ ከብዙ ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። እንክብሎቹ እንዳይንኳኩባት ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቃለች። የቀድሞ ባሏ ይደበድባት ነበር፤ ዛሬም በር በኃይል ሲንኳኳ ክኒኑ ከእጇ ይወድቃል። እንዲህ ያለችን ሴት «ቸልተኛ» ማለት ሌላ በደል ነው! መዝገቡ ላይ «አቋርጣለች» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ማንን እንደምትፈራ ትጠየቅ። ጸበልም ቢሆን ከክኒኑ አይጣላም፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ተናግረዋል።