«ስልኩ ደህና ነው ብሏል»፦ ስለ አንጎል መናወጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለገጣፎ አካባቢ አቧራማ ሜዳ ላይ የሰፈር ኳስ የሚያይ ሰው ይሄ አዲሱ አይደለም። ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ዘለው በጭንቅላት ይጋጫሉ። አንዱ ይወድቃል። አናቱ ላይ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይደፋበታል፣ «አይዞህ፣ ተነስ!» ይባላል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ምት የአንጎልን ሥራ ለጊዜው ሲያውክ የአንጎል መናወጥ ይባላል። አሁን ደግሞ ንግግር ሰምቶ የአንጎል መናወጥን የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ወሬ አለ። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ብዙ የተሳሳተ ነገር ግን ተቀላቅሎበታል።

«ራሱን ካልሳተ ምንም አልሆነም»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የአንጎል መናወጥ ከሚደርስባቸው አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ልጁ ቆሞ ይሄዳል፣ ይስቃልም። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

«ስሙን ከተናገረ ይጫወት»

ስሙንማ ማን ይረሳል! የስፖርት ሐኪሞች የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማነው? ባለፈው ጨዋታ አሸነፍን? ተጫዋቹ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

«ስልኩ የሚሰማው ምን እንዳለ ነው»

የሚሰማው እንዴት እንዳለው ነው። አንድ ቃል ለማውጣት አንጎል ትንፋሽን፣ የድምፅ አውታርን፣ ምላስንና ከንፈርን በአንዴ ያዛል። አንጎል ሲናወጥ ቅንጅቱ ሊላላ ይችላል። ድምፁ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፣ በቃላት መሃል ያለው ፋታ ይረዝማል። ጆሯችን ላይለየው ይችላል። በአሜሪካ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪ ቦክሰኞችን ከግጥሚያ በፊትና በኋላ በታብሌት እየቀዱ ያነጻጸሩት እንዲህ ያለውን ለውጥ ነው። በንግግር ምርመራ «ፓ-ታ-ካ፣ ፓ-ታ-ካ» እያሉ በፍጥነት መደጋገምም የተለመደ ነው። ሞክሩት፤ ደህና ሰውንም ያንተባትባል።

ለዚህም ነው አፑን ማውረድ ብቻ የማይበቃው። ልጁ ደህና ሳለ የተቀዳ የራሱ ድምፅ ካለ ማነጻጸር ይቻላል። ጉንፋን፣ ማለክለክ፣ ንፋስና የተመልካች ጩኸትም ውጤቱን ያበላሻሉ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድምፅ የሠለጠነ ፕሮግራም ደግሞ የኛን «ጠ» እና «ቀ» ሲሰማ ምን እንደሚል ሳይፈተን አይታመንም። ኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅም በዚያው ሜዳ አለ።

«ስልኩ ደህና ነው ካለ ይመለስ»

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ስልክ ተጫዋች ሊያስወጣ ይችል ይሆናል፤ ማስመለስ ግን አይችልም። ሲቲ ስካን እንኳ የሚፈልገው መድማትና ስብራት ስለሆነ መናወጥ እያለ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የተጠረጠረ ልጅ በዚያ ቀን ዳግም አይጫወትም። ሳያገግም ሁለተኛ ከተመታ አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ግን ይገድላል። «ቅያሪ አልቋል» የሚል አሠልጣኝ ካለ፣ ከ2024 ጀምሮ የእግር ኳስ ሕግ ውድድሩ ከፈቀደ ለአንጎል መናወጥ ብቻ የተለየ ቅያሪ እንደሚሰጥ ንገሩት።

«እንዳይተኛ ጠብቁት»

አደገኛ ምልክት ከሌለ ይተኛ። ለአንድ ሁለት ቀን ረገብ ብሎ ይረፍ፤ ለሳምንታት ጨለማ ክፍል መዝጋት አያስፈልግም። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እጅ እግሩ ከዛለ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ግን ወዲያው ሆስፒታል። አንገቴን ካለ ደግሞ ተሸክማችሁ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡት። ሳታንቀሳቅሱት የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።