«ኒክል» ምንድን ነው? ዋጋን አስራ የኖረችው አምስት ሳንቲም

አሜሪካ በገባሁ ሰሞን ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለች ትንሽ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሒሳብ ስዘጋ 85 ሳንቲም ጎደለኝ። ገንዘቡ ምንም አይደለም፤ ግን ጀማሪ ነኝና ደነገጥኩ። ፈረቃውን የሚረከቡኝ ጋሼ ሳንቲሞቹን በጣታቸው በተን በተን አድርገው አዩና ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ በኒክል ፋንታ ዳይም ስታድል ነው የዋልከው» አሉኝ። «እዚህ አገር ትልቋ ትንሽ ናት፣ ትንሿ ትልቅ። ያዛት!»

ያዝኳት። ኒክል አምስት ሳንቲም ናት፤ ዳይም አሥር። በአካል ግን ኒክሏ ትበልጣለች፣ ትወፍራለችም። ዳይሟ ላይ ደግሞ አሥር የሚል ነገር የለም፤ «አንድ ዳይም» ብላ ዝም ነው። ታዲያ አዲስ ሰው ምን ይበጀዋል?

ይህ የተዛባ መጠን የመጣው ከማዕድኑ ነው። ዳይም እስከ 1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 90 በመቶዋ ንጹሕ ብር ነበር፤ ስለዚህ መጠኗን የሚወስነው በውስጧ ያለው ብር ዋጋ ነበር። ድሮ አምስት ሳንቲምም እንዲሁ ከብር የተሠራች፣ ከጣት የምታመልጥ ሚጢጢ ነገር ነበረች። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ሰዉ የብር ሳንቲሙን ሁሉ ደበቀ፤ ገበያው ዝርዝር አጣ። መንግሥት በ1866 ማንም የማይደብቃት፣ ከተራ ማዕድን የተሠራች አምስት ሳንቲም አወጣ። ክብደቷ ልክ 5 ግራም፣ ሦስት እጇ መዳብ፣ አንድ እጇ ኒኬል። እኛ ገንዘባችንን በማዕድኑ «ብር» እንዳልነው እነሱም በማዕድኗ ጠሯት። ሦስቱን እጅ ያዋጣው መዳብ ሳይጠራ አንዱን እጅ ያዋጣው ስሙን ወስዶ ቀረ።

ኒክል ማለት ይህ ነው ብሎ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋ አሜሪካኖች «ኒክል» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ሳንቲሟ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንድ ዘመን ዋጋ ነው። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ በአንዲት ኒክል ኒው ዮርክን ከዳር እስከ ዳር በምድር ውስጥ ባቡር ማቋረጥ፣ አንድ ስኒ ቡና መጠጣት፣ ስልክ መደወል፣ አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ወይም አንድ ኸርሺ ቸኮሌት መግዛት ይቻል ነበር። ቡና ቤቱ ጥግ በቆመው፣ ሳንቲም ሲጎርስ ሸክላ በሚያዞረው ጁክቦክስም አንድ ዘፈን በኒክል ነበር።

ርካሽ ነበር ለማለት መቸኮል ግን አያስፈልግም። የአገሪቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በ1938 ሲወጣ ወለሉ በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር፤ አንድ ኒክል የ12 ደቂቃ ላብ ማለት ነው። በ1950 ወለሉ 75 ሳንቲም ሲገባ ያው ኒክል የ4 ደቂቃ ሆነ። የሚገርመኝ የዋጋው ማነስ አይደለም። ጦርነት፣ ድቀት፣ እንደገና ጦርነት ሲፈራረቅ ዋጋው ንቅንቅ ሳይል መቆየቱ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ኦቶማት ወደሚባለው ምግብ ቤት እንግባ። ሆርን እና ሃርዳርት የተባሉ ሁለት ሸሪኮች የመጀመሪያውን በ1902 ፊላዴልፊያ፣ ቀጥሎ በ1912 ኒው ዮርክ ከፈቱ። አስተናጋጅ የለም። ግድግዳው በሙሉ በትንንሽ የመስታወት በሮች የተሞላ ነው፤ ከእያንዳንዱ በር ጀርባ አንድ ቁራሽ ኬክ፣ አንድ ሳህን ባቄላ፣ አንድ ሳንድዊች ተቀምጧል። ኒክልህን ትከታለህ፣ እጀታውን ታዞራለህ፣ በሩ ቷ ብሎ ይከፈታል። ቡናው የሚወርደው የዶልፊን ራስ ካለው ቧንቧ ነው፤ ኒክሏን ሲውጥ አንድ ስኒ ለክቶ ያፈስና ቀጥ ይላል። መሀል ላይ በመስታወት ቤት የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ጣታቸው ላይ ጎማ አጥልቀው፣ ዶላር ስትሰጣቸው ዓይናቸውን እንኳ ሳይጥሉ በዳሰሳ ብቻ 20 ኒክል ቆጥረው እብነ በረዱ ላይ ይወረውሩልሃል። እኔ 85 ሳንቲም ያጎደልኩት ሰውዬ እነዚያን ሴቶች ሳስብ አፍራለሁ።

ቁልፉ ያለው እጀታው አጠገብ ባለችው ቀዳዳ ነው። የዚያ ዘመን ማሽን የሚያውቀው አንድ ሳንቲም ነው። መልስ አይሰጥም፣ አይደምርም። ባለሱቅ ቢሆን ዕቃ ሲወደድበት ከአምስት ሳንቲም ወደ ስድስት ይላል፤ ደንበኛው ያጉረመርማል፣ ይከፍላል። ማሽን ግን ስድስት ሳንቲም የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስድስት የሚያወጣ ሳንቲም የለማ። ከኒክል ቀጥሎ ያለችው ዳይም ናት፤ ወደ እሷ መሄድ ደግሞ ዋጋውን እጥፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ጥርሱን ነክሶ አምስት ላይ ይቆያል። ዋጋውን ተምኖ ያስቀመጠው ነጋዴውም መንግሥትም ሳይሆን የቀዳዳዋ ስፋት ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

መንግሥት ራሱ ለዚህች ቀዳዳ ሰግዷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ከ1942 እስከ 1945 ኒክሏ ኒኬል የሌለባት ሆነች፦ 56 በመቶ መዳብ፣ 35 በመቶ ብር፣ 9 በመቶ ማንጋኒዝ። ይህ ቅይጥ ሲመረጥ አንዱ ግዴታ ማሽኖቹ እንዳይተፏት ነበር። አገር እየተዋጋ የቡና ማሽን ሆድ ይታሰብ ነበር ማለት ነው! እነዚህን የጦርነት ጊዜ ኒክሎች መለየት ቀላል ነው፤ በጀርባቸው ከተቀረጸው የፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ቤት ጉልላት በላይ ጎልቶ የተጻፈ ፊደል አለ፤ ፊላዴልፊያ የተመቱት «ፒ» ይላሉ። ከዓመታት በኋላ አንዷን፣ የ1943ቷን፣ ካዝናዬ ውስጥ አገኘሁና ከኪሴ አምስት ሳንቲም ተክቼ ወሰድኳት። በውስጧ ያለው ብር ብቻ ከዶላር በላይ ያወጣል። ሌላው ኒክል ሲያብረቀርቅ እሷ ጥቁር፣ የጥላሸት መልክ ያላት ናት።

ጦርነቱ አልቆ መንግሥት የጣለው የዋጋ ቁጥጥር በ1946 ሲነሳ ግን ነገር ተበላሸ። ከ1945 እስከ 1948 ባለው ጊዜ ብቻ ኑሮ በሲሶ ያህል ተወደደ። ኒክሏ ላይ ተሰቅለው የኖሩ ዋጋዎች አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። የኒው ዮርክ ባቡር ከ1904 ጀምሮ አምስት ሳንቲም ነበር፤ በ1948 አሥር ሆነ። በ1953 ደግሞ አሥራ አምስት ማስከፈል ሲፈለግ ችግሩ ተመልሶ መጣ፤ መግቢያው ላይ ያለው ተሽከርካሪ ብረት ሁለት ዓይነት ሳንቲም አይቀበልም። ከተማዋ ምን አደረገች? የራሷን ሳንቲም ሠራች፤ ቶከን። የኦቶማቱ ቡና በ1950፣ የኒው ዮርክ የስልክ ጥሪ በ1951 ወደ ዳይም ወጡ።

ኸርሺ በሌላ መንገድ አመለጠ። ዋጋው አምስት ሳንቲም ይሁን፣ ቸኮሌቱ ግን ይቅለል አለ። ካካዎ ሲወደድ ይሳሳል፣ ሲረክስ ይወፍራል፤ ሕፃኑ የሚያየው ያቺኑ መጠቅለያ ነው። ዳቦ ቤት ደጃፍ ያደገ ሰው ይህን ዘዴ ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ኸርሺ ባለአምስቱን ያቆመው በ1969 ነው።

ከሁሉም የሚያስቀው የኮካ ኮላ ጉዳይ ነው። አትላንታ ውስጥ ጆን ፔምበርተን የተባለ ፋርማሲስት በ1886 ሲቀምመው ብርጭቆው አምስት ሳንቲም ነበር። በ1899 ከቻተኑጋ የመጡ ሁለት ጠበቆች፣ ቶማስ እና ኋይትሄድ፣ የኩባንያውን ባለቤት ኤሳ ካንድለርን በጠርሙስ እየሞላን እንሽጠው ብለው ጠየቁት። ካንድለር በጠርሙስ ሽያጭ ብዙም እምነት አልነበረውም፤ መብቱን በአንድ ዶላር ፈረመላቸው፤ ያቺንም ዶላር አልተቀበላቸውም ይባላል። ችግሩ ዶላሯ አይደለችም። ውሉ ኩባንያው ለጠርሙስ ሞይዎቹ የሚሸጠውን ሽሮፕ (ከሶዳ ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ወፍራም ቅምም) ዋጋ ቆርጦ ያስቀምጣል፣ የሚያበቃበት ቀን ደግሞ የለውም!

ከዚህ በኋላ ጠርሙሱ ገበያ ላይ በስንት ቢሸጥ ለኩባንያው አንዲት ሳንቲም አይጨምርለትም። የሚያተርፈው ብዛት ሲሸጥ ብቻ ነው፤ ብዛት ለመሸጥ ደግሞ ጠርሙሱ ርካሽ መሆን አለበት። ስለዚህ ኩባንያው ብልጥ ነገር ሠራ፦ «አምስት ሳንቲም» እያለ ግድግዳውን፣ ትሪውን፣ የቀን መቁጠሪያውን፣ የሱቁን በር ሁሉ በማስታወቂያ ሞላው። ጠርሙስ ሞይው ወይም ባለሱቁ ሰባት ሳንቲም ልሽጥ ቢል ደንበኛው ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል። ከግድግዳ ጋር ማን ይከራከራል? ፔፕሲም በ1930ዎቹ በዚያችው ኒክል ባለ12 አውንስ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ የኮካዋ ጠርሙስ የዚያን ግማሽ ያህል ነበረች።

ውሉ በ1921 ተሻሽሎ የሽሮፑ ዋጋ ከስኳር ዋጋ ጋር እንዲሄድ ተደረገ። እዚህ ላይ ዋጋው መነሳት ነበረበት፤ አልተነሳም። እየቆየ ኮካ ኮላ ወደ ማሽን ገባ፤ ማሽኑ ደግሞ ኒክል ብቻ ነው የሚያውቀው።

በ1953 የኩባንያው ቁንጮ ሮበርት ውድረፍ አንድ መላ መጣለት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወዳጁ ነው። ደብዳቤ ጻፈለት፤ የሰባት ሳንቲም ተኩል ሳንቲም ይመታልን አለ። ልብ በሉ፤ የለስላሳ ዋጋ ማስተካከል አቅቶት የአገሪቱን ገንዘብ እናስተካክል ነው ነገሩ። ግምጃ ቤቱ አልተቀበለውም።

ሌላ ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ እኔ ይህኛው ነው የሚጥመኝ። ማሽኑ ውስጥ ከዘጠኝ ጠርሙስ አንዱ ባዶ ይሁን። ባዶው የደረሰው ሰው ሌላ ኒክል ይጨምራል። ዘጠኝ ኒክል 45 ሳንቲም ነው፤ የተጠጣው ስምንት ጠርሙስ፤ ሲካፈል የአንዱ ዋጋ 5 ነጥብ 6 ሳንቲም ያህል ይመጣል፣ ያለ አንዳች አዲስ ሳንቲም። ሒሳቡ እንከን የለውም። የሐምሌ ሐሩር አቃጥሎት፣ ኒክሉን ከትቶ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ የቆመ ሰው ማሽኑን ምን እንደሚያደርገው ግን የሒሳቡ ባለቤቶች ያሰቡበት አይመስለኝም። በአገር ደረጃ አልተሞከረም።

በመጨረሻ ድፍረቱን ያገኙት ጠርሙስ ሞይዎቹ ናቸው። በ1950ዎቹ አንዱ ከተማ ስድስት፣ ሌላው ሰባት፣ ሌላው አሥር ማለት ጀመረ፤ ማሽኖቹም ተለወጡ፣ መልስ መስጠት ተማሩ። በ1959 በአምስት ሳንቲም ኮካ ኮላ የሚሸጥበት ቦታ አልቀረም። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዋጋ!

ኒክሏ ራሷ አሁንም ትመታለች። በ2024 አንዷን ለመሥራት መንግሥት ከ13 ሳንቲም በላይ አውጥቷል። በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ትንንሽ ከተሞች ስትነዱ ደግሞ የድሮ ጡብ ግድግዳ ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይ የኮካ ኮላ ሥዕል ያጋጥማችኋል፤ አንዳንዱን ማዘጋጃ ቤቶች እንደገና ቀለም አስቀብተውታል። አምስት ቁጥሯንም ሳይረሱ ነው የሚቀቡት።