ስሕተትን የሚቀድም የአንጎል እንቅስቃሴ

ስሕተትን የሚቀድም የአንጎል እንቅስቃሴ የሚባለው፣ ሰው ደጋግሞ የለመደውን ሥራ ሲሠራ ከመሳሳቱ በፊት በአንጎሉ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚመጣው ለውጥ ነው። ካለማወቅ የሚፈጸም ስሕተት እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሳሳተው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ስፌት ስትሰፋ የዋለች ሠራተኛ ድንገት አንዱን እጅጌ ገልብጣ ብትሰፋ፣ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚነዳ ሾፌር መውጫውን ቢያልፈው፣ ሁለቱም «ልቤ ሄዶ ነው» ይላሉ። አባባሉ ነገሩን በሚገባ ይዞታል፤ ያልመለሰው ልብ መቼ መሄድ እንደሚጀምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታወቀው ምልክት ስሕተቱ ከተፈጸመ በኋላ የሚመጣው ነበር፦ ሰው ያልታሰበውን ቁልፍ በተጫነ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከግንባር በላይ ባለው የራስ ቅል ክፍል የሚመዘገብ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሞገድ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን በኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲው ቶም አይክለና ባልደረቦቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ከስሕተቱ በፊት ያለውን ጊዜ መረመሩ። ተሳታፊዎቹ የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው የኤም.አር.አይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው፣ በግራና በቀኝ ባሉት ሳይታለሉ ለመካከለኛው ምልክት ብቻ መልስ እንዲሰጡ ተደረገ። በውጤቱም ሰው በሥራ ሲጠመድ ዝቅ ማለት የሚገባው፣ በሐሳብ ሲዋጥ ግን የሚነቃው የአንጎል መረብ ቀስ በቀስ ሲያንሠራራ፣ ለሥራው ጥረት የሚያደርጉት ክፍሎች ደግሞ ሲዳከሙ ታየ። ለውጡ የጀመረው ከስሕተቱ 30 ሰከንድ ያህል አስቀድሞ ነው፤ ይህም ስሕተትን የቅጽበት ነገር አድርጎ ለሚያስብ ሰው እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ዓሊ ማዛሄሪና ባልደረቦቹ የአንጎልን መግነጢሳዊ መስክ በመለካት፣ ከተወሰነ አንድ ቁጥር በቀር ለሁሉም ቁልፍ የሚጫኑ ሰዎችን አጠኑ። እጃቸውን መግታት አቅቷቸው ከመሳሳታቸው በፊት፣ በአንጎል የኋላ ክፍል ያለው የአልፋ ሞገድ ከፍ ብሎ ተገኘ። አልፋ ጀርመናዊው ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 በታተመ ጽሑፉ የገለጸው፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ግድም የሚመላለስና ዓይን ሲከደን የሚጎላ ሞገድ ነው። ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ አልፋው ከፍ ያለ ሰው፣ በእኛ አነጋገር፣ እያየ አያይም ማለት ነው።

የእንቅልፍ ማጣት መንገዱ ትንሽ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና በአንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ ቀጭን ሽቦ) በገባላቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ካደሩ በኋላ መልሳቸው ሲዘገይ የነርቭ ሕዋሶቻቸው ምላሽም ደክሞና ዘግይቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ቃሊቲ ለሚደርስ የጭነት መኪና ሾፌር ይህ ከቤተ ሙከራ ወሬ በላይ ነው።

እነዚህ ምልክቶች የተገኙት ከብዙ ሙከራዎች አማካይ ስለሆነ፣ የስሕተትን ዕድል ከፍ ማለት ያመለክታሉ እንጂ «ቀጥሎ ትሳሳታለህ» ብለው አይፈርዱም። ስለዚህ ሠራተኛን ለመቅጣት ማስረጃ ይሆናሉ ብሎ ማሰብ፣ በእኔ እምነት፣ ግኝቱን ካለቦታው መጠቀም ነው። የመለኪያው ችግርም አለ። ኤም.አር.አይ ሰውን አስተኝቶ የሚመረምር ግዙፍ መሣሪያ ነው። በራስ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ ቀለል ቢልም፣ የሚያነበው የቮልት ሚሊዮንኛ በሆነ መለኪያ ስለሆነ የዓይን ጥቅሻና የመንጋጋ ጡንቻ እንቅስቃሴ በቀላሉ ይውጠዋል፤ እንቅልፉን ለማባረር ጫት የሚያላምጥ ሾፌር ቢለካ፣ በመጀመሪያ የሚመዘገበው ከአንጎሉ ይልቅ የመንጋጋው ሥራ ይሆናል።