ኦብጀክትን ለዌብ ሰርቪስ መስጠት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደንበኛ» የሚባል ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) አለን እንበል። ስም፣ ስልክና የትውልድ ቀን ይይዛል፤ ዕድሜ የሚያሰላ ሜተድም (ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አለው። በዚህ ንድፍ የተሠራን ኦብጀክት በፓራሜትርነት (በግብዓትነት) ለዌብ ሰርቪስ፣ ማለትም በኔትወርክ ለሚጠራ ፕሮግራም፣ መስጠት ቀላል ይመስላል።

«ኦብጀክቱ ራሱ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል»

አይደርስም። ኦብጀክቱ ከፕሮግራማችሁ ሜሞሪ አይወጣም። በኔትወርክ የሚሄደው የያዘው ዳታ ነው፤ እሱም በጽሑፍ ተገልብጦ። በሶፕ (የቆየ የዌብ ሰርቪስ መልእክት ስምምነት) ከሆነ በኤክስኤምኤል፣ ዛሬ በብዛት ደግሞ በጄሰን፤ ሁለቱም ዳታን በጽሑፍ የመግለጫ ቅርጾች ናቸው። ሰርቨሩ ጽሑፉን አንብቦ የራሱን አዲስ ኦብጀክት ይሠራል። ዕድሜ የሚያሰላው ሜተድ አብሮ አይጓዝም። ሰርቨሩ ስልኩን ቢያስተካክልም እናንተ ጋ ያለው እንደነበረ ነው፤ የተስተካከለውን በመልሱ ካልላከላችሁ አታዩትም።

«ስሙ አንድ ከሆነ ክላሱም አንድ ነው»

የድሮ የዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) ሰርቪሶችን የሚነካካ ሰው እዚህ ጋ ነው ራሱን የሚያከው። ቪዥዋል ስቱዲዮ (ኮድ መጻፊያው) ላይ ዌብ ሪፈረንስ (ወደ ሰርቪሱ ማገናኛ) ስትጨምሩ፣ መሣሪያው የሰርቪሱን መግለጫ ፋይል አንብቦ የራሱን «ደንበኛ» ይጽፋል። ኔምስፔሱ (ክላሱ የተመደበበት የስም ክፍል) ግን ሌላ ነው። ለኮምፓይለሩ (ኮዱን ለሚተረጉመው ፕሮግራም) ሁለቱ አይተዋወቁም። የራሳችሁን ስትሰጡት «ደንበኛን ወደ ደንበኛ መቀየር አይቻልም» ዓይነት መልእክት ይመጣል። ሰው ያናድዳል፣ ግን ልክ ነው። መሣሪያው የጻፈውን ክላስ ፍጠሩና ዳታውን ከራሳችሁ ገልብጡበት። በደብሊውሲኤፍ (የዶትኔት የሰርቪስ መሥሪያ) ከሆነ ክላሶቹን በጋራ ዲኤልኤል (የኮድ ፋይል) አስቀምጦ ሁለቱም ወገን እንዲጠቀምባቸው ማድረግ ይቻላል።

«ውስጡ ያለው ሁሉ ይሄዳል»

የዶትኔቱ ኤክስኤምኤል ሲሪያላይዘር (ኦብጀክትን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው) የሚያየው ፐብሊክ (ለውጭ ኮድ ክፍት) የሆነውን ብቻ ነው። ፕራይቬት (ለውጭ የተዘጋ) ፊልድ ዝም ተብሎ ይቀራል። ዲክሽነሪ (የቁልፍና የዋጋ ጥንዶች ስብስብ) ካለ ወይም ባዶ ኮንስትራክተር (ያለ ግብዓት ኦብጀክት የሚፈጥር ሜተድ) ከሌለ ግን ስህተት ያወጣል። ጃቫስክሪፕትም ወደ ጄሰን ሲቀይር ፈንክሽንን ይጥላል፤ ማፕን (የጃቫስክሪፕቱን ዲክሽነሪ) ባዶ ኦብጀክት ያደርገዋል። ከሚጮኸው ስህተት ይልቅ ይሄ ዝምተኛው ነው የሚያስፈራው።

«ቀን ምን ችግር አለው?»

ጄሰን የቀን ዓይነት የለውም። ቀን የሚላከው በጽሑፍ ነው፤ የተለመደው አጻጻፍ አይኤስኦ 8601 ሲሆን የሚከተለው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015ን «2015-13-03» ብላችሁ ብትልኩ ይመለስባችኋል፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ይሄ ዕድለኛው ነው። መስከረም 1 ቀን 2015ን «2015-01-01» ብላችሁ ብትልኩ ግን ያለ ቅሬታ ይቀበላችኋል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ሆኖ ሳለ ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ቀይሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ማሳየቱ የስክሪኑ ሥራ ይሁን።

«አማርኛው ተበላሽቷል»

በጄሰኑ ውስጥ በ«ሰላም» ፋንታ የዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ቁጥሮች ካያችሁ አትደንግጡ። አንዳንድ ላይብረሪዎች እንዲህ ነው የሚጽፉት፤ ተቀባዩ ሲያነበው ወደ ፊደሉ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካያችሁ ግን ፊደሉ በእርግጥ ጠፍቷል። መንገድ ላይ ወይም ዳታቤዙ ውስጥ ዩኒኮድ የማይቀበል ቦታ አለ፤ እሱን ፈልጉ።