የልጆች እግር ኳስ፦ ተጫዋቾችን ሜዳ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? ማሸነፍስ ምን ያህል ይመዝናል?

የልጆች እግር ኳስ ከ6 እስከ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸው ተጫዋቾች በክለብ፣ በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር ቡድን ተደራጅተው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በዚህ ዘርፍ ልጆችን ማስመዝገብ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ትንንሾቹ ኳስ ካዩ ማንም ሳይጎትታቸው ይመጣሉ። ከባዱ ሥራ የመጡትን ማቆየት ነው። ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ሲገቡ ብዙዎቹ ይቀራሉ፤ ሲቀሩም አዋቂው ቶሎ የሚያነሳው ምክንያት ቡድኑ ስለሚሸነፍ ተስፋ ቆርጠዋል የሚል ነው። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። አብዛኛው ማስረጃ የተገኘው ከሰሜን አሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ በመሆኑ ይህ ዳሰሳም ወደዚያው ያጋድላል።

ልጆቹ ሲጠየቁ

በጉዳዩ ላይ ከሁሉ የተሟላው ጥናት በአሜሪካ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አማንዳ ቪሴክና ባልደረቦቿ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረጉት ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች 142 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾች፣ 37 አሰልጣኞችና 57 ወላጆች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ምርጫ ዘርዝረው "ከዚህ ምረጡ" አላሉም፤ ጨዋታን የሚያስደስተው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ራሳቸው ተሳታፊዎቹ እንዲናገሩ አደረጉ። ከዚያም የተሰበሰቡትን ሐሳቦች ተሳታፊዎቹ በየፈርጁ እንዲመድቧቸውና ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲሰጡ ተደረገ። በዚህ መንገድ 81 የደስታ ምንጮች ተለይተው በ11 ምድቦች ተደለደሉ።

ከምድቦቹ መካከል ከላይ የተቀመጡት ሦስቱ በቡድን አባላት መካከል ያለው መልካም መንፈስ፣ ጠንክሮ መሞከርና የአሰልጣኙ በጎ አያያዝ ናቸው። ማሸነፍ ከ81ዱ 48ኛ ሆነ። ማሊያና ሌሎች የቡድን አልባሳትን የያዘው ምድብ ደግሞ ከታች ተገኘ።

48ኛ የሚለው ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ብዙ ተብሎበታል። በጥንቃቄ መነበብ አለበት። "ጠንክሮ መሞከር" የተባለው ምድብ ራሱ መፎካከርንና በጨዋታ ጥሩ መጫወትን ይይዛል፤ ስለዚህ ልጆቹ ፉክክርን አልጠሉም። ዝቅ ያደረጉት ከጨዋታው መጨረሻ የሚመዘገበውን ውጤት ነው። ለማሸነፍ መታገልና አሸናፊ ተብሎ መመዝገብ በአዋቂ ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በልጅ ሚዛን ግን የተለያዩ ናቸው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሰፊ የተማሪዎች ጥናትም ወንዶቹም ሴቶቹም ስፖርት የሚሠሩበትን ምክንያት ሲጠየቁ "ለመደሰት" የሚለውን በመጀመሪያ ደረጃ አስቀምጠዋል።

የአሰልጣኙ ድርሻ

ከዚህ ዘርፍ ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው አሰልጣኝን የሚመለከተው ነው። የተገኘው በቤዝቦል ቢሆንም በእግር ኳስ የልጆች አሰልጣኞች ሥልጠና ላይ ሳይቀር ዛሬም ይነሳል። ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሜዳ ዳር ተቀምጠው አሰልጣኞች የሚያደርጉትን እያንዳንዱን ነገር መዘገቡ፦ ጥሩ ሲሠራ ማመስገን፣ ሲሳሳት ማበረታታት፣ ሲሳሳት መቆጣት፣ ዝም ማለት። ከዚያም ልጆቹን ጠየቁ። ልጆቹ አሰልጣኛቸውን የሚወዱበት መጠን ቡድኑ ካሸነፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት ጋር አልተያያዘም፤ የተያያዘው አሰልጣኙ ከስህተት በኋላ በሚያሳየው ጠባይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 ከናንሲ ባርኔት ጋር ያወጡት ጥናት ጉዳዩን በቀጥታ ከመቅረት ጋር አገናኘው። የተወሰኑ አሰልጣኞች ከውድድር ዘመኑ በፊት አጭር ሥልጠና ወሰዱ፤ ሌሎቹ አልወሰዱም። የሁለቱም ወገን ቡድኖች የማሸነፍና የመሸነፍ መዝገብ ተቀራራቢ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ካልሠለጠኑት አሰልጣኞች ተጫዋቾች 26 በመቶው አልተመለሱም፤ ከሠለጠኑት ዘንድ የቀሩት 5 በመቶ ብቻ ናቸው።

ያለ ክፍያ ቅዳሜ ማለዳ ከሁሉ ቀድመው መረብ የሚሰቅሉት፣ የጫማ ክር የሚያስሩት፣ የሚያለቅሰውን የሚያባብሉት አሰልጣኞች ይህን ቁጥር ሊኮሩበት ይገባል። ከዋንጫና ከአዲስ ማሊያ ይልቅ አንድን ልጅ በሜዳው የሚያቆየው የእነሱ አያያዝ ነው።

እነዚሁ ምሁራን ግን አንድ ነገር አክለዋል፦ ዕድሜ ከ12 ዓመት ሲያልፍ ማሸነፍ በልጆቹ አመለካከት ላይ ያለው ክብደት ይጨምራል፤ ያም ሆኖ የአሰልጣኙን ጠባይ አይበልጥም።

አዋቂ የሌለበት ሜዳ

ልጆች ለማሸነፍ የሚሰጡትን ቦታ ለማየት አዋቂ ሳይኖር ሲጫወቱ መመልከት ይጠቅማል። ድንጋይ ወይም ቦርሳ ግብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሁለት አለቆች ተራ በተራ ይመርጣሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዱ ወገን አምስት ለባዶ ከመራ ጨዋታው ይቆማል፤ ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ከመሪው ቡድን ጎበዙ ወደ ተመሪው ይዛወራል። ሊመሽ ሲል ደግሞ አንዱ "የመጨረሻ ጎል ያሸንፋል!" ብሎ ይጮኻል፣ አምስት ለባዶውም ይረሳል፣ ሁሉም እንደ አዲስ ነፍሱን ሰጥቶ ይሮጣል። እነዚህ ልጆች ማሸነፍ በጣም ይፈልጋሉ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀበትን ጨዋታ ግን አይፈልጉም። የዚህ ዳሰሳ አዘጋጅ እምነት፣ አዋቂዎች በብዙ ስብሰባ የደረሱባቸው የማሻሻያ ደንቦች ከዚህ ሜዳ የተቀዱ ናቸው።

የሚቀሩት ለምን ይቀራሉ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ክሬንና ቴምፕል 43 ጥናቶችን ሰብስበው ባደረጉት ግምገማ ልጆች ከተደራጀ ስፖርት የሚወጡባቸው ምክንያቶች አምስት ሆነው ተገኝተዋል፦ ደስታ ማጣት፣ "አልችልም" የሚል ስሜት፣ ከሰዎች የሚመጣ ጫና፣ ጊዜ የሚሻሙ ሌሎች ጉዳዮች፣ እንዲሁም እንደ ጉዳትና የአካል ዕድገት ልዩነት ያሉ አካላዊ ምክንያቶች። የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ልጆች በአንድ ምድብ ሲጫወቱ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደው በመጨረሻ ከተወለደው እስከ 12 ወር ይበልጣል፤ በተመረጡ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በዝተው መገኘታቸው በአውሮፓ ታዳጊ ቡድኖች ተደጋግሞ ተረጋግጧል። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ችሎታ እንደሌለው ተቆጥሮ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ስለ ተጠባባቂ ወንበር ሲነሳ፣ ቡድኑ እየመራ ሳለ የተቀመጠውን ልጅ ማየት በቂ ነው። ዓይኑ ከኳሱ ይልቅ አሰልጣኙ ላይ ነው፤ አሰልጣኙ ሰዓቱን ባየ ቁጥር ካልሲውን ከፍ ያደርጋል።

"70 በመቶ ልጆች 13 ዓመት ሳይሞላቸው ስፖርት ያቆማሉ" የሚለው አባባል በየመድረኩ ይጠቀሳል። ቁጥሩ ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲዞር የኖረ ሲሆን መሠረቱ አጠያያቂ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አንዱን ስፖርት ትቶ ወደ ሌላ የሄደ ልጅም እንዳቆመ ሊቆጠር ይችላል። ብዙ ልጅ በዚያ ዕድሜ መቀነሱ ግን አያከራክርም። ሴት ልጆች ላይ መቀነሱ ይበረታል።

ደንቦችና ክርክራቸው

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የአሜሪካ ወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት "ሁሉም ይጫወታል" የሚለውን መርህ ይዞ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ እንዲሰለፍ ደንግጓል፤ ቡድኖቹም በችሎታ እንዲመጣጠኑ ተደርገው ይዋቀራሉ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 አጽድቃ በ2007 ባሻሻለችው የልጆች ስፖርት ድንጋጌ ልጆች 11 ዓመት እስኪሆናቸው የውጤት ዝርዝርና የደረጃ ሰንጠረዥ እንዳይወጣ፣ አገር አቀፍ ሻምፒዮናም ከ13 ዓመት በፊት እንዳይካሄድ ወስናለች። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር እ.ኤ.አ. በ2012 ትንንሾቹ አምስት ለአምስት፣ ቀጥለው ሰባት ለሰባት፣ ከዚያ ዘጠኝ ለዘጠኝ እንዲጫወቱ ያጸደቀ ሲሆን፣ እስከ 11 ዓመት በታች ባሉ ቡድኖችም የሊግ ሰንጠረዥ እንዳይታተም ተደርጓል።

የጀርመኑ ለውጥ ከሁሉ የበለጠ አነጋግሯል። ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ አስገዳጅ በሆነው አሠራር ትንንሾቹ ልጆች ሁለት ለሁለት ወይም ሦስት ለሦስት ሆነው በአራት ትንንሽ ግቦች ይጫወታሉ። ያኔ የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ዋና ሥራ አስፈጻሚና የጀርመን እግር ኳስ ማህበር ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሃንስ ዮአኺም ቫትስከ በ2023 ለውጡን በይፋ ነቀፉት፤ መሸነፍ ምን እንደሚመስል ያልቀመሰ ልጅ የማሸነፍ ብርታት አያገኝም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ስጋቱ ከልብ የመነጨ ቢሆንም የአሠራሩን አንድ ቁልፍ ክፍል ይስታል፦ ሜዳዎቹ ጎን ለጎን ስለሚሰለፉ ያሸነፈው ቡድን ወደሚቀጥለው ሜዳ ከፍ ይላል፣ የተሸነፈው ዝቅ ይላል፤ ጥቂት ዙር ሳይቆይ ተመጣጣኞች ይገናኛሉ። ልጁ በአንድ ቀን ውስጥ ያሸንፋልም፣ ይሸነፋልም።

በአፍሪካ፣ በእስያና በደቡብ አሜሪካ አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው ከተደራጀ ሊግ ውጭ በመሆኑ እነዚህ ደንቦች የሚነኩት ጥቂቱን ነው።

ከ13 ዓመት በኋላ

ካናዳዊው ምሁር ዣን ኮቴ ባቀረበው የዕድገት ሞዴል ልጆች ከ6 እስከ 12 ዓመት ልዩ ልዩ ስፖርት ይሞክራሉ። ከ13 ዓመት ገደማ ጀምሮ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ከፍተኛ ውድድር፣ ሌላው ለጤናና ለደስታ ወደ መጫወት። በመጀመሪያው መንገድ ውጤት ተገቢ ቦታውን ያገኛል፤ ተጫዋቹም ራሱ ፈልጎ የገባበት ነው። ችግሩ ለሁለተኛው መንገድ የሚሆን ቡድን መጥፋቱ ነው። በ10 ዓመት ሦስትና አራት ቡድን ያለው ክለብ በ15 ዓመት አንድ ብቻ ሲኖረው፣ ያልተመረጡት ልጆች ኳስ ሳይሰለቻቸው የሚጫወቱበት ቦታ ያጣሉ።