የኖልዶር ዓመፅና የቫላር ተጠያቂነት

ቫላር በእንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን አፈ ታሪካዊ ዓለም ውስጥ፣ ከፈጣሪው ከኤሩ በታች ሆነው ዓለምን የሚጠብቁ አማልክት መሰል ኃያላን ናቸው። ኤልፍ ከተባሉት የማይሞቱ ፍጡራን ነገዶች አንዱ የሆነው ኖልዶር ምክራቸውን ጥሶ ከአገራቸው ከቫሊኖር በወጣበት ዓመፅ የቫላርስ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ አንባቢዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ዋናው ምንጭ ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1973 ካረፈ በኋላ ልጁ ክሪስቶፈር አሰናድቶ በ1977 ያሳተመው «ሲልማሪሊዮን» ነው።

የነገሩ ሥር ኤልፎች ወደ ቫሊኖር ይጠሩ ወይስ አይጠሩ ተብሎ የተመከረበት ጉባኤ ነው። ከቫላር አንዱ የሆነው የውሆች ጌታ ኡልሞ፣ መጀመሪያ በተገኙበት በመካከለኛው ምድር በነጻነት ይኑሩ ሲል ቢከራከርም፣ አብዛኞቹ ቫላር ለኤልፎቹ ደኅንነት ስለ ሰጉና ውበታቸውን ስለ ወደዱ ጥሪው ጸደቀ። መጽሐፉ ራሱ ከዚህ ጥሪ ብዙ መከራ እንደ መጣ ይናገራል፤ ስለዚህ የቫላር ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ ከፍቅር የመነጨ ነበር።

ከሁሉ የከፋው መዘዝ የመጣው ከእነርሱ ወገን ሆኖ ወደ ክፋት ከዞረው ከሜልኮር መፈታት ነው። ሦስት ዘመን በሰንሰለት ታስሮ የቆየው ይህ ከሓዲ ምሕረት ሲለምን፣ የቫላር አለቃ ማንዌ ክፋት በልቡ ስለሌለ የሌላውን ክፋት ሊረዳ አልቻለምና ፈታው፤ ኡልሞ ግን አልተታለለም፣ ተዋጊው ቫላ ቱልካስም ሜልኮርን ባየ ቁጥር እጁን ይጨብጥ ነበር። ቫላር ስለሚመጡት የሰው ልጆች ለኤልፎች ገና አልነገሯቸውም ነበርና፣ ሜልኮር ይህን ዝምታ ጠምዝዞ «እዚህ የያዟችሁ መካከለኛው ምድርን ለሰዎች ለማውረስ ነው» የሚል ወሬ በኖልዶር መካከል ዘራ። ኤልፎቹ የሚያምኗቸው ጠባቂዎች አስቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ሐሰቱ መግቢያ ባጣ ነበር፤ ዋናው ጉድለታቸውም ይኸው ይመስላል።

በዓመፁ ዕለት ግን የቫላር እጅ ንጹሕ ነው። የዓመፁ መሪ ፌያኖር ቀደም ሲል በወንድሙ በፊንጎልፊን ላይ ሰይፍ መዝዞ ለ12 ዓመት ከከተማው ከቲሪዮን ሲባረር ፍርዱ ተገቢ ነበር። ሜልኮር ለቫሊኖር ብርሃን ይሰጡ የነበሩትን ሁለቱን ዛፎች አጥፍቶ፣ የፌያኖርን አባት ገድሎ ፌያኖር የሠራቸውን ሲልማሪል የተባሉ ዕንቁዎች ይዞ ከሸሸ በኋላም፣ ማንዌ በመልእክተኛው አማካይነት እንዳይሄዱ መከራቸው እንጂ በኃይል አላገዳቸውም። በሌሎች ኤልፎች ወደብ በአልኳሎንዴ መርከብ ለመንጠቅ ለፈሰሰው የወገን ደም ተጠያቂዎቹ ኖልዶር ብቻ ናቸው። የቫላር ፍርድ ተናጋሪ የሆነው ማንዶስ በዓመፀኞቹ ላይ የፍርድ ቃል ካሰማ በኋላ ተጸጽቶ የተመለሰው የፌያኖር ወንድም ፊናርፊን ምሕረት አግኝቷል፤ ጉዟቸውን ለቀጠሉት ግን ቫላር ጆሯቸውን የሰጡት ከኤልፍና ከሰው የተወለደው መርከበኛ ኤያሬንዲል ባሕር ተሻግሮ ለኤልፎችና ለሰዎች ምሕረት ሲለምን ነው።