ስካፎልዲንግ፦ ስለ ቃሉ አመጣጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጆችን የሚያስተምር ሰው ስካፎልዲንግ የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ልጁ ብቻውን የሚያቅተውን ነገር እንዲችል የሚያውቅ ሰው በልኩ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ስለ አመጣጡ ግን ስህተት በስህተት ላይ ተደራርቧል።

«ቃሉን ያመጣው ቪጎትስኪ ነው።»

በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ገና በ37 ዓመቱ። ስካፎልዲንግን የትምህርት ቃል ያደረጉት ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ዉድ፣ ጀሮም ብሩነር እና ጌይል ሮስ ናቸው። ጥናታቸው የታተመው በ1976 ነው፤ ቪጎትስኪ ከሞተ ከ42 ዓመት በኋላ።

ጥናቱ ራሱ ደስ ይላል። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 30 ልጆች 21 የእንጨት ቁርጥራጮች ገጣጥመው ፒራሚድ እንዲሠሩ ተደረገ። አስጠኚዋ ልጁ የቻለውን ሁሉ በራሱ እንዲሠራ ትተዋለች። ሲያቅተው መጀመሪያ በቃል ትነግረዋለች፤ ያም ካልሆነ በእጇ ታግዘዋለች።

ታዲያ ስሞቹ ለምን ተምታቱ? ሐሳቦቹ ይቀራረባሉ። ብሩነርም ቪጎትስኪን በጣም ያከብር ነበር። የቪጎትስኪ መጽሐፍ በ1962 በእንግሊዝኛ ሲወጣ መግቢያውን የጻፈው እሱ ነው።

«ቃሉ ከሞት ቅጣት ጋር የተያያዘ ነው።»

በእንግሊዝኛ ስካፎልድ የሞት ፍርደኛ የሚወጣበት መድረክም ይባላል፤ እውነት ነው። ቃሉ የመጣው ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን ከፍ ተደርጎ የተሠራ የእንጨት መድረክ ማለት ነበር። እነ ብሩነር የወሰዱት ግን የግንበኛውን መወጣጫ ነው።

«ፕሮክሲማል ማለት ልጁ አጠገብ መቀመጥ ነው።»

ከስካፎልዲንግ ጋር አብሮ የሚነሳው ፕሮክሲማል (በእንግሊዝኛ «ቅርብ») የሚለው ቃል በእርግጥ ከቪጎትስኪ ሐሳብ የመጣ ነው፤ ልጁ ሊደርስበት የተቃረበውን የእድገት ክልል ይገልጻል። በሩሲያኛ የተጠቀመበት ቃል ብሊዣይሼጎ ነው፤ «ከሁሉ የቀረበ፣ ቀጥሎ የሚመጣ» ማለት። ስለዚህ ቅርበቱ የወንበር አይደለም፤ የጊዜ ነው። ልጁ ዛሬ በእርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል።

«ማንኛውም እርዳታ ስካፎልዲንግ ነው።»

አይደለም። እኛ አገር በባሕር ዛፍ አጣና የሚሠራውን መወጣጫ አስቡት። ሕንፃው ሲያልቅ ይፈርሳል። የልጁን የጫማ ክር በየጠዋቱ ማሰር እርዳታ ነው። ቋጠሮውን ይዞለት «አሁን አንተ ሳብ» ማለት፣ በሳምንቱ ደግሞ በቃል ብቻ ማስታወስ፣ ከዚያ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ፤ ስካፎልዲንግ ይህ ነው።